የባሕሩ ወናፍ

የሞገድ ኤሌክትሪክ ሃምሳ ዓመት ሙሉ ተስፋ ብቻ ሆኖ የቆየው ለምንድን ነው? አሁንስ ምን ተለወጠ?

በሰሜን ስፔን፣ በባስክ ምድር፣ ሙትሪኩ የምትባል ትንሽ የዓሣ አጥማጆች ከተማ አለች። ቤቶቿ ከገደሉ አናት ጀምረው እስከ ወደቡ ድረስ ተደራርበው ይወርዳሉ፤ ወደቧን ከቢስካይ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል የሚጋርድላት ደግሞ ረጅም የአርማታ ግንብ ነው። ግንቡ ላይ ላዩን ሲታይ ከሌላው የወደብ ግንብ የሚለየው ነገር የለም። ጠጋ ብሎ ጆሮ ለሰጠው ግን ይተነፍሳል። ሞገድ መጥቶ ሲገፋው ከውስጥ ረጅም የአየር ፉጨት ይወጣል፤ ሞገዱ ሲሸሽ ያው ፉጨት ተመልሶ ወደ ውስጥ ይሳባል። ቀን ይሁን ሌሊት፣ ባሕሩ እስካላረፈ ድረስ አያቋርጥም።

ግንቡ ውስጥ 16 ክፍሎች ጎን ለጎን ተደርድረዋል። እያንዳንዱ ክፍል ከውሃው ወለል በታች ለባሕሩ ክፍት ነው፤ ከላይ ያለው መውጫ ግን አንድ ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ነው። ሞገድ ሲገባ የክፍሉ ውሃ ከፍ ይልና ከበላዩ የታፈነውን አየር በቀዳዳው አስፈትልኮ ያስወጣዋል። ሞገድ ሲመለስ ውሃው ይወርዳል፣ አየሩም ከውጭ ይሳባል። ቀጥቃጭ ወናፉን ሲነፋ ያየ ሰው ይህን አሠራር ማንም ሳያስረዳው ያውቀዋል። እዚህ ወናፉን የሚነፋው ባሕሩ ነው፤ በወናፉ አፍ ላይም በፍሙ ቦታ ተርባይን ተቀምጧል።

ተርባይኑ ራሱ ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። አየሩ አንዴ ወደ ውጭ አንዴ ወደ ውስጥ ስለሚሮጥ፣ ተራ ተርባይን ቢገጠምለት በየጥቂት ሰከንዱ መቆምና ወደ ኋላ መዞር ይኖርበት ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ ግን በቤልፋስት ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፕሮፌሰር አላን ዌልስ፣ አየሩ በየትኛውም በኩል ቢመጣ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚዞር ተርባይን ነደፉ (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምስጢሩ የምላሶቹ ቅርጽ ላይ ነው፤ ሁለቱም ፊታቸው አንድ ዓይነት ስለሆነ ነፋሱ ከፊትም መጣ ከኋላ የሚገፋቸው ወደዚያው ወደ ጎን ነው። ዋጋ ያስከፍላል፤ አየሩ ሲበረታ ጉልበቱ ይደክማል፣ ይጮኻል። ነገር ግን ከባሕር ውሃ ጋር የሚነካካ አንድም ተንቀሳቃሽ ብረት የለበትም። ወናፉ አየር እንጂ ብረት አያንቀሳቅስም።

ሙትሪኩ ሥራ የጀመረችው በ2011 ነው። የ16ቱ ተርባይኖች ጉልበት ሲደመር 296 ኪሎዋት ነው፤ ዛሬ ባሕር ላይ የሚተከል አንድ ትልቅ የነፋስ ተርባይን 15 ሜጋዋት ማለትም ከዚህ ሃምሳ እጥፍ ያህል ይደርሳል። እንዲያም ሆኖ በሞገድ ኃይል ታሪክ ውስጥ የሙትሪኩን ያህል ደጋግሞ ሊጠና የሚገባው ጣቢያ ጥቂት ነው። ከእርሷ እጅግ የሚበልጡ፣ እጅግ የተወደሱ መሣሪያዎች በወራት ውስጥ ከባሕር ሲወጡ እርሷ ከአሥር ክረምት በላይ ቆማ ለዋናው መስመር ኃይል ስትልክ ኖራለች። በዚህ ዘርፍ ሊመዘን የሚገባው አንደኛው ነገር ዕድሜ ነው የምለው ከዚህ ተነሥቼ ነው። አዲሶቹ የሞገድ መሣሪያዎች ተስፋ የሚሰጡትም ከቀደሙት የበለጠ ኃይል ስለሚያወጡ አይደለም፤ ክፉ ቀንን ዝቅ ብለው ማሳለፍ ስለተማሩ ነው።

ሩቅ የነፈሰ ነፋስ

ሞገድ የተጠራቀመ ነፋስ ነው። ፀሐይ የምድርን አየር እኩል ስለማታሞቀው ነፋስ ይነሣል፤ ነፋሱ በውቅያኖስ ላይ ሺህ ኪሎ ሜትር ሲሮጥ ጉልበቱን ጥቂት በጥቂት ለውሃው ያወርሳል። ውሃው ግን አብሮ አይጓዝም። ባሕር ላይ የተጣለ እንጨት ሞገድ ሲያልፍበት ወደ ላይ ወደ ታች፣ ትንሽ ወደ ፊት ትንሽ ወደ ኋላ እያለ ክብ ሠርቶ እዚያው አካባቢ ይቀራል፤ የሚጓዘው ጉልበቱ ነው። በዚህም የተነሣ በአትላንቲክ መሀል የተነሣ ማዕበል ከቀናት በኋላ፣ ነፋስ በሌለበት ጸጥ ባለ ማለዳ፣ የፖርቱጋልን ዳርቻ ይመታል። መምጣቱም አስቀድሞ ይታወቃል፤ የሞገድ ትንበያ ለኤሌክትሪክ መስመር ተቆጣጣሪ ከነፋስ ትንበያ ይልቅ የሚታመን ነው።

የጉልበቱ መጠን የሚወሰነው በሁለት ነገር ነው፤ በሞገዱ ቁመትና በአንዱና በተከታዩ ሞገድ መካከል ባለው ጊዜ። ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ኃይሉ አራት እጥፍ ይሆናል። ጥልቅ ውሃ ላይ ሁለት ሜትር ቁመት ያለውና በየስምንት ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ በእያንዳንዱ ሜትር ስፋቱ 16 ኪሎዋት ያህል ይዞ ይመጣል። ማዕበል ሲነሣ ቁመቱ አሥር ሜትር፣ ጊዜው 14 ሰከንድ ቢደርስ ያው አንድ ሜትር 700 ኪሎዋት ገደማ ይሸከማል። የነገሩ ቋጠሮ እዚህ ላይ ነው። መሣሪያው እንጀራውን የሚጋግረው በሁለት ሜትሩ ሞገድ ነው፤ የሚገነባው ግን የአሥር ሜትሩን እንዲችል ነው። በዓመት ለጥቂት ቀናት ብቻ ለሚመጣ፣ መሣሪያው ሊጠቀምበት ለማይችል ጉልበት ሲባል ብረቱ ይወፍራል፣ መልሕቁ ይከብዳል፣ ዋጋው ጣሪያ ይነካል።

«መሣሪያው እንጀራውን የሚጋግረው በሁለት ሜትሩ ሞገድ ነው፤ የሚገነባው ግን የአሥር ሜትሩን እንዲችል ነው።»

የውሃ ኃይልን በግድብ ለምናውቀው ለእኛ ይህ እንግዳ ችግር ነው። በዓባይ ግድብ ውሃው ከላይ ወደ ታች፣ በአንድ አቅጣጫ፣ በተለካ መጠን ይወርዳል፤ ሲያስፈልግ በሩ ይዘጋል። ባሕር በር የለውም። ሞገድ በደቂቃ ስድስትና ሰባት ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ ጄኔሬተር የሚፈልገው ደግሞ ፈጣንና የማያቋርጥ ዙር ነው። ይህን ዘገምተኛና ተመላላሽ ግፊት ወደ ዙር የሚለውጠው ክፍል ነው በየፕሮጀክቱ ሲሰበር የኖረው።

ዳክዬውና እባቡ

ዘመናዊው ጥረት የተጀመረው በነዳጅ ቀውስ ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሲንር የኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲው ስቲቨን ሳልተር ሞገድ ላይ እየነቀነቀ ጉልበቱን የሚውጥ፣ ቅርጹ ዳክዬ የሚመስል መሣሪያ ነደፉ፤ በ1974ም ለሳይንሱ ዓለም አቀረቡት። በመሞከሪያ ገንዳ ውስጥ ዳክዬው አብዛኛውን የሞገድ ጉልበት ውጦ ከጀርባው ያለውን ውሃ ጸጥ አደረገው። የብሪታንያ መንግሥትም ገንዘብ መደበ። ነገር ግን መሐንዲሶቹ እንዲያስቡ የታዘዙት ስለ 2,000 ሜጋዋት ጣቢያ ነበር። አንዲት ዳክዬ ባሕር ላይ አንድ ክረምት ሳታድር የአንድ ትልቅ የድንጋይ ከሰል ጣቢያን ቦታ እንድትተካ ተጠየቀች። የወጪ ስሌቱ እንደተጠበቀው አስፈሪ ሆነ፤ ሳልተር ስሌቱ የተዛባ ነው ብለው ለዓመታት ተከራክረዋል፤ ዋናው ፕሮግራም በ1982 ቆመ።

ሁለተኛው ትልቅ ተስፋ ፔላሚስ ነበር፤ ስሙ ከባሕር እባብ የተወሰደ። በመገጣጠሚያ የተያያዙ ረጃጅም የብረት ቱቦዎች ውሃ ላይ ተኝተው ሞገድ ሲያልፍባቸው ይታጠፋሉ፣ በመገጣጠሚያዎቹ ውስጥ ያሉ ፒስተኖች ዘይት ይገፋሉ። በ2004 በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ከባሕር ላይ ለዋናው መስመር ኃይል ላከ። በመስከረም 2008 ደግሞ ሦስት እባቦች በፖርቱጋል አጉሳዶራ ፊት ለፊት ተዘርግተው በይፋ ተመረቁ፤ በድምሩ 2.25 ሜጋዋት። ሁለት ወር ገደማ ቆዩ። ኩሽኔታቸው ችግር ስላመጣ ወደ ወደብ ተጎተቱ፤ በዚያው ሰሞን የዓለም የገንዘብ ቀውስ ዋናውን ባለሀብት ጣለው፤ ተመልሰው አልወጡም። ኩባንያው በ2014 ተዘጋ።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ሰው የሚወስደው ትምህርት ‹‹ሞገድ አይሆንም›› የሚል ነው። ወደ ጎን ዞር ብሎ የነፋስን ታሪክ ያየ ግን ሌላ ነገር ያገኛል። በ1957 የዴንማርኩ መሐንዲስ ዮሐነስ ዩል በጌድሰር 200 ኪሎዋት የሚያመነጭ ተርባይን ተከሉ፤ ከሙትሪኩ ያነሰ ማለት ነው። ጌድሰር አሥር ዓመት ያህል ያለ ብዙ ጣጣ ዞረች፤ ከእርሷ የተማሩ አናጢዎችና አንጥረኞች በ1970ዎቹ ትንንሽ ተርባይኖች ሠሩ፤ ትንንሾቹ እያደጉ የዛሬውን ኢንዱስትሪ ወለዱ። በ1983 ጀርመን ያቆመችው ግሮቪያን የተባለው ግዙፍ ተርባይን ግን 3 ሜጋዋት እንዲያመነጭ ታስቦ ጥቂት መቶ ሰዓታት ብቻ ሠርቶ ፈረሰ። ግሮቪያን ሲወድቅ ነፋስ አይሆንም ያለ ሰው ተሳስቷል። የሞገድ ኃይልም ዳክዬውን በወረቀት ላይ፣ እባቡንም ባሕር ላይ ወደ ግሮቪያን መጠን ሊያሳድግ ሞከረ፤ የራሱ ጌድሰር ግን ገና አልነበረውም።

ከዮናስ ወደብ

ነቢዩ ዮናስ ወደ ተርሴስ ሊኮበልል መርከብ የተሳፈረባት ኢዮጴ፣ በየዓመቱ በጾመ ነነዌ ስሟ የሚነሣው ወደብ፣ ዛሬ የቴል አቪቭ አካል ናት፤ በእስራኤል የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች ያፎ ይሏታል። በጥንታዊው ወደብ ግንብ ውጫዊ ጎን ላይ 10 ተንሳፋፊዎች በብረት ክንድ ተንጠልጥለዋል። ሞገድ ሲያነሣቸው ክንዳቸው ፒስተን ይገፋል፤ ፒስተኑ ዘይቱን በቱቦ ወደ ግንቡ ይልካል። በዚያ በአንድ ኮንቴይነር ውስጥ ግፊቱ ይጠራቀምና በእኩል መጠን ተለቆ ሞተር ያዞራል፤ ሞተሩ ጄኔሬተሩን። አቅሙ 100 ኪሎዋት ነው፤ ኢኮ ዌቭ ፓወር የተባለው ኩባንያ ከፈረንሳዩ የኤሌክትሪክ ኩባንያ ኢዲኤፍ ጋር ሠርቶት በ2023 ከአገሪቱ የኤሌክትሪክ መስመር ጋር ተገናኘ።

የያፎው አሠራር ብልህነት ምኑን ባሕር ውስጥ፣ ምኑን የብስ ላይ እንዳደረገ ሲታይ ይገባል። ጄኔሬተሩ፣ ኤሌክትሮኒክሱ፣ መቆጣጠሪያው፣ ውድ የሆነው ሁሉ የብስ ላይ ነው። አንድ ቫልቮላ ቢያፈስ ጥገና የሚሄደው ሰው መፍቻውን ይዞ በእግሩ ይሄዳል። ፔላሚስን ለመጠገን ግን ጎታች መርከብ መከራየት፣ ባሕሩ የሚረጋበትን ቀን መጠበቅ፣ መሣሪያውን ወደ ወደብ መጎተት ግድ ነበር፤ በአትላንቲክ ክረምት እንዲህ ያለ ቀን ለሳምንታት ላይገኝ ይችላል። የያፎዎቹ ተንሳፋፊዎች ማዕበል ሲመጣ ከውሃው ተነሥተው ወደ ላይ ይሰቀላሉ። መሣሪያው ባሕሩን አይታገልም፤ መንገዱን ይለቅለታል።

ይህ የግንብ መንገድ ወሰን አለው፤ መደበቅ አይገባም። ሞገድ ወደ ዳርቻ ሲጠጋ ከባሕሩ ወለል ጋር እየተፋተገ ጉልበቱን ያጣል፤ የምሥራቅ ሜዲትራኒያን ሞገድ ደግሞ ከመነሻውም ለስላሳ ነው። የወደብ ግንብም ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ብዙው ጉልበት ያለው ከዳርቻ ርቆ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀን ወደዚያው መሄድ አይቀርም። የሄዱም አሉ።

በልብ አምሳል

በነሐሴ 2023 ኮርፓወር ኦሽን የተባለ የስዊድን ኩባንያ አንድ ተንሳፋፊ ከአጉሳዶራ ፊት ለፊት ባሕር ላይ አቆመ፤ የፔላሚስ እባቦች ተስፋ በቀረበት በዚያው ውሃ ላይ። ዘጠኝ ሜትር ስፋት ያለው እንቁላል መሰል ነገር ነው፤ በውስጡ ማሽኑን ይዟል፤ ከባሕሩ ወለል ጋር በአንድ ገመድ ተወጥሮ ታስሯል። አቅሙ 300 ኪሎዋት ነው።

የሐሳቡ ምንጭ ስቲግ ሉንድቤክ የተባሉ የልብ ሐኪም ናቸው። ልብ ደም ስትገፋ ጉልበት ታወጣለች፤ ከገፋች በኋላ ግን የመመለሻውን ጉልበት ከተጠራቀመው ግፊት ትወስዳለች። ተንሳፋፊውም እንዲሁ ነው፤ ወደ ታች የሚስበው ውጥረት አለው፤ ሞገድ ወደ ላይ ሲያነሣው ያ ውጥረት ይጠራቀማል፤ ሞገዱ ሲያልፍ ውጥረቱ ወደ ታች ይመልሰዋል። ስለዚህ ሲወጣም ሲወርድም ኤሌክትሪክ ያመነጫል።

ከዚህ የሚበልጠው ጥበብ ግን የጊዜ አጠባበቁ ነው። ልጅ ዥዋዥዌ ላይ ተቀምጦ ሲገፋ ያየ ሁሉ ያውቀዋል፤ በትክክለኛው ቅጽበት የተገፋ ዥዋዥዌ በትንሽ ጉልበት ከፍ ብሎ ይወጣል፤ ያለ ጊዜው የተገፋ ደግሞ ይቆማል። ኖርዌጂያውያኑ ክያል ቡዳልና ዮሐነስ ፋልነስ ይህ ለሞገድ መሣሪያም እንደሚሠራ ገና በ1970ዎቹ አሳይተዋል፤ የጎደለው ሐሳቡን ባሕር ላይ በቅጽበት የሚፈጽም ማሽን ነበር። የኮርፓወር ተንሳፋፊ ሞገዱ ሲያንስ እንቅስቃሴውን ከሞገዱ ጋር አጣጥሞ ከሞገዱ በላይ ይወዛወዛል። ሞገዱ ሲበረታ ግን ሆን ብሎ ከዜማው ይወጣል፤ ማዕበሉ ሲያልፍበት እምብዛም አይነቃነቅም። በኅዳር 2023 ዶሚንጎስ የተባለው ማዕበል ሲመጣ 18.5 ሜትር የደረሰ ሞገድ ተቋቁሟል። በአንድ ማዕበል የተፈተነ መሣሪያ አሥር ክረምት ከቆመ ግንብ ጋር አይተካከልም፤ የንድፉ አቅጣጫ ግን ትክክለኛው ይመስለኛል። ብረት በማወፈር የሚገኘውን ጥንካሬ፣ መቼ መገፋት መቼ መተው እንዳለበት በማወቅ ተክቶታል።

«ሞገዱ ሲበረታ ሆን ብሎ ከዜማው ይወጣል።»

ዋጋውስ?

የኃይል ኢኮኖሚ ባለሙያዎች የሚያነሡት ተቃውሞ ከሁሉ የከበደ ነው። የፀሐይና የነፋስ ኤሌክትሪክ እንዲህ ረክሶ፣ ባትሪም ዋጋው እየወረደ፣ ውድ የሆነ አዲስ ነገር ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ለምን? ጥያቄው ፍትሐዊ ነው፤ ዛሬ በአማካይ ዋጋ ቢወዳደሩ ሞገድ ይሸነፋል። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ዋጋ እንደ ሰዓቱና እንደ ቦታው ይለያያል። ፀሐይ ስትጠልቅ ሞገድ አብሮ አይጠልቅም፤ በሰሜን አትላንቲክ ደግሞ የሚበረታው በክረምት፣ ሰዎች ቤታቸውን ለማሞቅ ብዙ ኤሌክትሪክ በሚፈልጉበትና ፀሐይ በምትደክምበት ወቅት ነው። ብዙ ደሴቶች እስከ ዛሬ በመርከብ በሚጫን ናፍጣ ነው የሚበሩት፤ እዚያ ተወዳዳሪው በረሃ ላይ የተዘረጋ የፀሐይ ሰሌዳ ሳይሆን በርሜል ናፍጣ ነው። በባሕር ወለል ላይ ለሚሠሩ መሣሪያዎች ኃይል ማድረስ ደግሞ ረጅም ኬብል መዘርጋት ወይም መርከብ ማመላለስ ይጠይቃል፤ በኦርክኒ የተሞከረው ብሉ ኤክስ የተባለው ትንሽ መሣሪያ የታለመው ለዚህ ነው። የሞገድ ኃይል ገበያው እንዲህ ያሉ፣ ኤሌክትሪክ ዛሬም ውድ የሆነባቸው ቦታዎች ናቸው። ነፋስም ሆነ ፀሐይ ገበያ የገቡት በእንዲህ ያለው በር ነው፤ ከመጀመሪያዎቹ የፀሐይ ሰሌዳዎች ብዙዎቹ ሳተላይት ላይ ነበር የተሰቀሉት፤ ዋጋቸውን የሚጠይቅ አልነበረም።

ሌላው ተቃውሞ የንድፎች ብዛት ነው። ነፋስ ባለ ሦስት ምላስ ተርባይን ላይ ረግቷል፤ ሞገድ ግን ወናፍ፣ ክንድ፣ እባብ፣ እንቁላል እያለ በመቶ የሚቆጠር ንድፍ ይዞ ይዋልላል። ባለሀብቶች ይህን ያለመብሰል ምልክት አድርገው ያዩታል፤ ከፊሉ እውነት ነው። ባሕር ግን እንደ ነፋስ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ለግንብ የሚሆነው ለጥልቅ ውሃ አይሆንም። የሚያሳስበው የንድፍ ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ ኩባንያ ሙሉ መሣሪያ ከዜሮ እየሠራ የሌላውን ስሕተት ደግሞ መሥራቱ ነው። ስኮትላንድ ከፔላሚስ ውድቀት በኋላ የያዘችው መንገድ ይህን ለማረም ነው። በ2014 የተቋቋመው ዌቭ ኢነርጂ ስኮትላንድ የፔላሚስን እውቀት ገዝቶ አስቀመጠ፤ ከዚያም ገንዘቡን ለኃይል መለወጫ ክፍል፣ ለመልሕቅ ማያያዣ፣ ለመቆጣጠሪያ በየደረጃው እየፈተነ ሰጠ። ፈተናውን ያላለፈ ወደሚቀጥለው ደረጃ አይሄድም። ይህ ቀርፋፋ ነው፣ የምረቃ ሪባን የለውም፤ ለሕዝብ ገንዘብ ግን ከሁሉም የተሻለው መንገድ ነው።

ከዳርቻ ርቀው የሚቆሙት መሣሪያዎች ደግሞ የዓሣ አጥማጆችን ቅሬታ ማስከተላቸው አይቀርም። መልሕቅና ኬብል ባለበት መረብ አይጣልም፤ አንድ ተንሳፋፊ ትንሽ ቦታ ነው፣ መቶ ተንሳፋፊ ግን የአንድ መንደር እንጀራ ሊዘጋ ይችላል። ይህን ቅሬታ በካሣ ብቻ ማለፍ ስሕተት ይመስለኛል፤ ቦታው ሲመረጥ አጥማጆቹ ከመሐንዲሶቹ እኩል ሊቀመጡ ይገባል፤ ባሕሩ መቼ እንደሚከፋ ከእነርሱ የበለጠ የሚያውቅ የለምና። ሙትሪኩ ከዚህ ጭቅጭቅ ያመለጠችው ግንቡ ለወደቡ ተብሎ የሚሠራ ስለነበረ ነው። ያንኑ ግንብ ሲነድፉ ክፍሎቹን አብረው አሰቡበት፤ ጀልባዎቹ መጠለያ፣ ከተማዋ ኤሌክትሪክ አገኙ። በግንባታው ዘመን ማዕበል ጉዳት አድርሶበት ነበር፤ ተጠግኖ ቀጠለ።

ስለዚህ የሚቀጥለው የሞገድ መሣሪያ ሲመረቅ መጠየቅ የሚገባው ስንት ሜጋዋት ነው ተብሎ አይደለም። በዓመቱ ውስጥ ስንት ሰዓት ሠራ? ስንት ቀን ቆመ? ምኑ ተሰበረ፣ ለመጠገንስ ስንት ጊዜ ፈጀ? የሕዝብ ገንዘብ የወሰደ ማንኛውም ኩባንያ እነዚህን ቁጥሮች በየዓመቱ የማሳተም ግዴታ ሊኖርበት ይገባል፤ መጥፎዎቹንም ጭምር። የአጉሳዶራው ኩሽኔታ ለምን እንዳልቻለ በጊዜው በዝርዝር ተጽፎ ለሁሉም ቢቀርብ ኖሮ ከእርሱ በኋላ የመጡት ስንት ክረምት ይቆጥቡ ነበር።